ሃምሳ ሰባተኛዋ

ጥሩወርቅ ፈንታሁን ያላየችውን አየሁ ብላ አታውቅም። በደብረ ታቦር የወባ መቆጣጠሪያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደም ስታነብ፣ ለማጣሪያ ከተላኩት ስላይዶቿ አንድም «ተሳስተሻል» ተብሎ የተመለሰ አልነበረም። ጠዋት መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ፀሐይ ታዞራለች፤ አንድ ዐይኗን ጨፍና ትቆጥራለች። ከዚያም ቀና ሳትል ትናገራለች።

«መቶ ቦታ አየሁ፤ የለም።»

ወይም፣

«በአርባኛው ላይ፤ አለ።»

ሁልጊዜ መጀመሪያ ስንት እንዳየች፣ ቀጥሎ ምን እንዳገኘች። ከፎገራ ሜዳ ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ እናቶች ያችን የመጨረሻ ቃል ለመስማት ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ። አለ ካለች አለ ነው፤ የለም ካለች የለም።

ይርጋ ሙላቴ ወደዚያ ክፍል የገባው በ1980 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። በአንድ እጁ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ በሌላው የታሸገ ብልቃጥ ይዟል። ከእሱ ቀድሞ የዓሣ ሽታው ገባ።

«እንደምን አደሩ። ጊምሳ ቀለም ልለምን ነው የመጣሁት።»

«የማንን ደም ሊያቀልሙበት?» አለች ቀና ሳትል።

«ደም አይደለም። የአምባዛ ዓሣ ኩላሊት ነው።»

ጥሩወርቅ ቀና አለች። ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ጢሙን ከተላጨ ሦስት ቀን ያለፈው ወጣት ነው። ዐይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ቢሆኑም ሊስቁ የተዘጋጁ ናቸው።

«አምባዛ ወባ ያዛት?»

«ቢይዛትም እዚህ አትመጣም። ወረፋውን አይታ ትመለሳለች።»

ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሌንሱ ጎንበስ አለች። ስታየው የነበረውን ስላይድ ግን እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር ነበረባት። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ደብዳቤው ጓድ ይርጋ ሙላቴ በአዲስ አበባ ረዳት መምህር መሆኑን፣ ለጥናት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች መላኩን፣ እስከ መጋቢት 12 ቀን ድረስ ትብብር እንዲደረግለት ይጠይቃል። ትውልዱ እብናት ነው። አባቱ የሉም፤ እናቱ እትዬ ፈንታነሽ ብቻ አሉ። ደብረ ታቦር የመጣው በአካባቢው የዘይት ሌንስ ያለው ማይክሮስኮፕና ጊምሳ አንድ ላይ የሚገኙት ጥሩወርቅ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው። ቢሮው ፈቀደለት፤ ከሰዓት በኋላ፣ የሰው ደም ካለቀ በኋላ እንዲሠራ።

ክፍል የተከራየው እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ነበር። ዓሦቹን በበርሜል ውኃ አድርጎ ጓሮ ባስቀመጠ በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ በርሜሉን ከነዓሦቹ ወደ መንገድ አንከባለሉት።

«ቅርፊት የሌለው ዓሣ፣ ጢም ያለው ዓሣ፣ ሰው የሚመስል ዓሣ» እያሉ ነበር ለመንደሩ። «አይበላው፣ አይሸጠው። መርፌ ይወጋዋል። እኔ መርፌ የሚወጋ ዓሣ በግቢዬ አላሳድርም።»

ጥሩወርቅ በርሜሉን ከቢሮው ጀርባ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ እንዲያኖር ፈቀደችለት። በዚያ ቀን «እርስዎ» መባባሉ ቀረ። የሚያዳልጥ አምባዛ ከመንገድ ላይ ሁለት ሆኖ ያሳደደ ሰው ከዚያ በኋላ አንቱ ሊባባል አይችልም።

አሠራሩን አስተማራት። ዓሣዋን ይወጋታል፤ መድኃኒቱ በሴሎቿ ውስጥ ያሉትን ክሮች ሊከፈሉ ሲሉ ባሉበት ያስቆማቸዋል። አምስት ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ ኩላሊቷን አውጥቶ ይፈጫል፤ ሴሎቹ እንዲያብጡ ቀጭን የጨው ውኃ ውስጥ ያቆያቸዋል፤ በአልኮልና በአሲድ ያደርቃቸዋል። በመጨረሻ ወንበር ላይ ይወጣና ጠብታውን ከላይ ስላይዱ ላይ ይጥለዋል።

«ለምን ወንበር ላይ?» አለችው በመጀመሪያው ቀን።

«ሴሏ ስትወድቅ እንድትፈነዳና ክሮቹ እንዲበተኑ። ካልተበተኑ መቁጠር አይቻልም።»

«እንደ እንቁላል።»

«እንደ እንቁላል። ግን አትንገሪ፤ በዩኒቨርሲቲ ሌላ ስም አለው።»

ማይክሮስኮፑ አንድ ዐይን ብቻ የሚያስገባ ነበር። አንዱ ሲያይ ሌላው ይጠብቃል። እሱ አይቶ ሲነሣ እሷ ትቀመጣለች፤ ሌንሱ የእሱን ዐይን ሙቀት እንደያዘ ይቆያታል። ስለዚህ ሙቀት ሁለቱም አንድም ቀን አላወሩም። ቦታ ሲለዋወጡ ግን ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ መጡ።

ክሮቹ ሃምሳ ስድስት ናቸው። ክሮሞሶም ይባላሉ። ይርጋ በሌላ አሠራር ሲያቀልማቸው ከእያንዳንዱ ክር ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ጠቁሮ ይቀራል።

«ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ክሩ እንደ መጽሐፍ ነው በይ። ገሚሱ ትርጉም አለው፤ ክንፍ ሥራ፣ ጢም አብቅል ይላል። ጥቁሩ ግን አንድ ቃል ነው፤ ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ የተጻፈ።»

«ምን የሚል ቃል?»

«ምንም። መምህሮቼ ቆሻሻ ይሉታል።»

«አክስቴ ጌጤ ሙሾ አውራጅ ናት» አለች ጥሩወርቅ። «ግጥሙን አንድ ጊዜ ነው የምትለው። የሞተው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ በግጥሙ ይታወቃል። ‹ወይኔ፣ ወይኔ› የሚለው ግን መቶ ጊዜ ይባላል። ትርጉም የለውም። ግን እሱ ባይኖር ሰው በየት በኩል ይገባል? ለቀስተኛው አብሮ የሚያለቅሰው በሱ እኮ ነው።»

ይርጋ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ሲጽፍ እጁን አየችው፤ የዓሣ እሾህ የቧጨረው እጅ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ የሚፈልገውን ነገራት። የጣና አምባዛ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ካለችው ዘመዷ ከተለያየች ስንትና ስንት ዘመን ሆኗል። ዘመዳሞች ሲለያዩ የሚደጋገመው ቃል ባንዷ ይረዝማል፣ ባንዷ ያጥራል፤ ክሮች ይሰበራሉ፣ ይጋጠማሉ። በሌላ አገር ባሉ አንዳንድ ዓሦች ደግሞ ትርፍ ክር ይገኛል። ነጥብ የምታክል፣ ከዳር እስከ ዳር በዚያ ባዶ ድግግሞሽ የተሠራች።

«ለዓሣዋ ምን ትሠራላታለች?»

«ምንም አትሠራላትም። ያለሷ መኖር ትችላለች።»

«ታዲያ ለምን ትሸከማታለች?»

«እናቷ ሰጠቻታ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «በጉማራ አምባዛ አንዲት ብቻ ባገኝ፣ ጥሩዬ፣ ሌላ አልፈልግም ነበር። ስሜ ባይጠራም።»

ጥሩዬ ያላት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወሬው አባቷ ጆሮ ደረሰ። መምሬ ፈንታሁን ቁጡ ሰው አልነበሩም፤ መጽሐፍ የሚያውቁ፣ በመጽሐፉም የሚኖሩ ቄስ ነበሩ።

«ክንፍና ቅርፊት የሌለው ርኩስ ነው ይላል፤ ይኸ ልጅ አላነበበም?»

«አንብቧል፣ አባባ። አይበላትም። ይቆጥራታል።»

«የማይበላውን የሚቆጥር ሰው» አሉ መምሬ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «ዳዊትም ሕዝብ ቆጥሮ ነው የተቀሠፈው። ለማንኛውም ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላክ። መጀመሪያ ግን ይታጠብ።»

ይህን ስትነግረው ይርጋ እስኪያለቅስ ሳቀ። መጋቢት 12 ሰኞ እብናት እናቱን አይቶ አዲስ አበባ ሊሄድ፣ ሥራውን ሊያስረክብ፣ ለፋሲካ ከእናቱ ጋር ሊመጣ ቆረጡ።

ነገሩ የተበላሸው መጋቢት 10፣ ቅዳሜ ዕለት ነው።

ጊምሳው አልቆ ነበር። አዲሱ ጠርሙስ ዓርብ በሚመጣው መኪና ይደርሳል ተብሏል። የቀለም ማጥለያ ወረቀትም የለም። ጥሩወርቅ ከጠርሙሱ ሥር የቀረውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥልላ የመጨረሻዋን አምባዛ ስላይዶች ቀለመች። ለሰው ደም ቢሆን አታደርገውም ነበር። አየች። እንደገና አየች።

«አሥራ አንድ ሴል አየሁ» አለች ቀና ሳትል። «በአራቱ አለ።»

«ምን አለ?»

«ነጥብ። ሃምሳ ሰባተኛ።»

ይርጋ ቁጭ ብሎ አየ። ፀሐይዋ ዞራ መስታወቱን ሦስት ጊዜ እስኪያስተካክል ድረስ አየ።

«የቀለም ዝቃጭ እንዳይሆን?»

«የቀለም ዝቃጭ እኔ አላውቅም?» አለችው። ቅር ብሏት ነበር። «ስድስት ዓመት ነጥብ ስለይ ነው የኖርኩት፣ ይርጋ።»

ያቺን ንግግር በኋላ በሕይወቷ ሙሉ ስትሰማት ኖራለች።

«አራት ከአሥራ አንድ አይበቃም» አለ ይርጋ። «ከዚያው የወንዝ ኩሬ ሌላ ዓሣ ማየት አለብኝ። ሐሰን ሐሙስ ለገበያ ሲወጣ ያመጣልኛል።» ሐሰን ከጉማራ እየገዛ ሐሙሲት ላይ ዓሣ የሚቸረችር ነጋዴ ነው፤ ይርጋ አምባዛውን ሁሉ ያገኘው በሱ በኩል ነበር።

«ደብዳቤህ ሰኞ ያበቃል።»

«ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀንን ማን ይቆጥራል?»

ጥሩወርቅ ሂድ ልትለው ይገባ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰሜን ጦር ግንባር ላይ የደረሰው ሽንፈት በሹክሹክታ እየተወራ፣ ወጣት ለውትድርና ከየገበያው እየታፈሰ እንደነበር ታውቃለች። ግን ሦስት ቀን ነው። ሦስት ከሰዓት፣ ሦስት ጊዜ የሞቀ ሌንስ። አፏን አልከፈተችም።

ማክሰኞ ወደ ጋፋት በእግር ሄዱ። ገብስ የታጨደበት ማሳ ዳር ተቀምጠው ቆሎ በሉ። ይርጋ እግሩን ዘርግቶ ሰማዩን እያየ፣

«አባትሽ ከታጠብኩ በኋላም ዓሣ ዓሣ ብሸት ምን ይላሉ?» አላት።

«ኩሬህን ይዘህ ግባ ይሉሃል።»

«አንቺስ?»

ከቆሎው ለቅማ፣ ከመዳፏ ወደ መዳፉ አፈሰሰችለት። አንድም አልወደቀም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዓሦቹን ከሐሰን ሊቀበል ወደ ሐሙሲት ገበያ በአውቶቡስ ወረደ።

ዓርብ ጠዋት በቢሮው በር የገባው ሐሰን ነበር። ትከሻው ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጆንያ አለ። ጆንያው ይላወሳል፤ አምባዛ ከውኃ ወጥታም ብትሆን እርጥብ እስካገኘች ቀን ትውላለች። ሐሰን ዐይኗን ሳያይ ጆንያውን መሬት ላይ አኖረው።

«ወታደሮች ገበያውን ከበቡት፣ እህቴ» አላት። «አምስት ሰዓት ላይ። እኔን ዕድሜዬን አይተው ተዉኝ። እሱ ደብዳቤውን አወጣ። አነበቡት። ወላሂ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ‹ጊዜው አልፏል› አሉት።»

«አሁን የት ነው?»

«እህል መጋዘን አስገብተዋቸዋል። ነገ ይጭኗቸዋል ይባላል። ጆንያውን ሲወረውርልኝ አደራ ብሎኛል። ‹ደብዳቤ ፍለጋ አትሩጪ፣ ዓሦቹ ሳይሞቱ እይልኝ፣ ቁጥሩን ንገሪኝ› በላት አለኝ።»

እሷ ግን በቢሮው የቀረውን የደብዳቤውን ቅጂ ይዛ ሮጠች። ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ። በመጨረሻ ያገኘችው ሹም ቅጂውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ሰኞ አብቅቷል፣ እህቴ።»

«በሦስት ቀን?»

«ቀኑን እኔ አልጻፍኩትም።» ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። «የእኔም ታናሽ ወንድም ያለፈው ሳምንት ሄዷል። እናቴ ‹አንተ እያለህ?› ትለኛለች። እኔ ምን አለሁ?»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ጥሩወርቅ ወደ ቢሮ ተመለሰች። ይርጋ የተወውን መርፌና ብልቃጥ ከመሳቢያው አወጣች። በሕይወቷ ዓሣ ወግታ አታውቅም፤ ሲወጋ ግን ሁለት ወር አይታለች። አንደኛዋን ወጋች፣ ሁለተኛዋን ወጋች። አምስት ሰዓቱን ከበርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አሳለፈችው። የተላኩት ዕቃዎችም በዚያ መሀል በመኪና ደረሱ፤ አዲሱ ጊምሳና ማጥለያ ወረቀቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወንበር ላይ ወጥታ ጠብታውን ጣለች።

ቅዳሜ ፀሐይዋ መስኮቱን ስትነካ ማንበብ ጀመረች። አሥር ሴል። ሃያ። ሠላሳ። ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት። ነጥብ የለም።

ያኔ ያለፈውን ቅዳሜ አሮጌ ስላይድ አወጣች። በአልኮል አጠበችው። በአዲሱ ቀለም እንደገና ቀለመችው። አራቱን ሴሎች ፈልጋ አገኘቻቸው፤ ቦታቸውን መዝግባ ነበር። ክሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሃምሳ ስድስት። ነጥቧ ታጥባ ሄዳለች።

ዝቃጭ ነበረች። ለጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነገር፣ እሷ ራሷ ለሦስት ጀማሪ ያስተማረችው ነገር። ስድስት ዓመት ያልተሳሳተ ዐይኗ ያን ቀን ብቻ ለምን እንደተሳሳተ ጠየቀችው። መልሱን አጥታው አይደለም። ይርጋ እንዲቆይላት ፈልጋ ነበር።

ሐሙሲት ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። ከመጋዘኑ ፊት ሕዝቡ እንደ ንብ ይተራመሳል። እናቶች መቀነታቸውን አላልተው የልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ፤ ስም በስም ላይ ይወድቃል፤ የማንም ስም አይሰማም። ሦስት ካሚዮኖች ሞተራቸው ተነሥቷል። የመጨረሻው ላይ፣ ከኋላ መዝጊያው አጠገብ፣ ይርጋን አየችው። ራሱን ላጭተውታል። እሱም አያት።

በመሀላቸው አርባ እርምጃ፣ ወታደሮችና ያ ሁሉ ጩኸት አለ። ይርጋ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልደረሰም። ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጁን አንሥቶ ጣቱን ዐይኑ ሥር አኖረ። ምን አየሽ?

ጥሩወርቅ ሠላሳ ሴል አይታለች። የለም። ሁለቱን ነገሮች በዚያው ቅደም ተከተል ልትናገራቸው አፏን ከፈተች። ፊቱን አየች። ለዚህ ነገር ነው የቆየው። ይህን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው።

«ሃምሳ ሰባት» ብላ ጮኸች።

ዙሪያዋ ያሉ ሴቶች ዞረው አዩዋት። ስም በሚጠራበት ቦታ ቁጥር የምትጠራ ሴት፤ አእምሮዋን የሳተች መሰለቻቸው። አንዲት እናት ልትይዛት እጇን ዘረጋች።

«ሃምሳ ሰባት፣ ይርጋ። ሃምሳ ሰባት።»

ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። ይርጋ አምስት ጣቱን አነሣ፤ ከዚያ ሰባት። ልክ ነው ወይ እንደማለት ራሱን ዘንበል አደረገ። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀችለት። ፈገግ አለ። አቧራው እስኪውጠው ድረስ ፈገግ እንዳለ ነበር።

ከጦር ማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፤ ግንቦት ላይ። አጭር ነበር። እግሩ እንደቆሰለና እንደዳነ፣ ጫማው እንደሚጠበው፣ ቆሎ ሲበላ ጋፋት ትዝ እንደሚለው ይናገራል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል።

«ስላይዱን በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ። ስመለስ ገና ብዙ የምናየው አለ። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ቁጥሩን ነገርሽኝ፤ ስንት ሴል እንዳየሽ ግን አልነገርሽኝም። ሳትነግሪኝ ቀርተሽ አታውቂም። ጩኸት ስለነበረ ይሆናል። ለማንኛውም ይዤው እዞራለሁ። ሸክም አይከብድም።»

ጥሩወርቅ ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው መቁጠር አልቻለችም። አውቆባት ይሆን? አላወቀም ይሆን? ከፊደሎቹ በታች የምታይበት ሌንስ የላትም። እውነቱን ጽፋ ሦስት ጊዜ አሸገች፤ ሦስቴም ቀደደችው። «ተሳስቼ ነው የቆየህልኝ» የሚል ወረቀት ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው እንዴት ይላካል? ካልተላከስ እንዴት ይኖራል? በመጨረሻ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሳትቀድድ ላከችው። መልስ አልመጣም። ይድረሰው አይድረሰው ማንም ሊነግራት አልቻለም።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ አብሮት የነበረ የእብናት ልጅ በምርኩዝ ተመለሰ። የይርጋን ሹራብ ይዞ ነበር።

ለቅሶው እናቱ ቤት ሆነ። አስከሬን የለም፤ ሹራቡንና የተማሪነት ፎቶውን በወንበር ላይ አድርገው አለቀሱለት። መምሬ ፈንታሁን በዝናብ፣ በበቅሎ፣ ያን ሁሉ መንገድ ከልጃቸው ጋር መጡ። ሽማግሌ ሊቀበሉ ተዘጋጅተው የነበሩት አባት በሩ ላይ ቆመው ፍትሐት ደገሙ። አክስቷ ጌጤ ሙሾ አወረደች።

«ቆጥሮ የማይጠግበው የዓሣውን አካል፣
እሱ ሲጎድልብን ማን ቆጥሮ ያውቀዋል።»

ሴቶቹ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያሉ ተቀበሉ። ጥሩወርቅም በሱ በኩል ገባች። ግጥም አልወጣትም። ያንኑ አንድ ቃል ብቻ፣ ደግማ፣ ደግማ፣ ደግማ።

ሕዝቡ ሲበተን እትዬ ፈንታነሽ አስጠሯት። ግድግዳውን ተደግፈው አጎዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንደ ልጃቸው ረዘም ያሉ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከለቅሶው ተዘግቷል።

«ያስቀረሽብኝ አንቺ ነሽ?» አሏት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ስም እንደመጠየቅ ነበር።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሰኞ ሊመጣልኝ ነበር። ጎመን ቀቅዬ፣ ሱፍ ፈጭቼ ስጠብቀው ነበር። አንድ ነገር አይቶ ቀረ አሉኝ። ከዓሣው ሆድ የሚፈልገው ነገር ነበር አሉ።» ቀና ብለው አዩዋት። «እስቲ ንገሪኝ። ያ የቆየበት ነገር ተገኘ?»

ጥሩወርቅ መሬት መሬት እያየች ቆመች። ከደብረ ታቦር እስከ እብናት መንገዱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትፈራ መጥታለች። ለእሱ አንድ ጊዜ ዋሽታለች። ለእናቱ ግን ሌላ አነጋገር አልመጣላትም።

«ሠላሳ ሴል አየሁ» አለች። «የለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ቆሻሻ ነው ነጥብ ያልኩት። በኔ ስሕተት ነው የቆየው።»

ውጭ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። እትዬ ፈንታነሽ የሹራቡን እጅጌ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ያለሰልሱታል፤ አንድ ጊዜ፣ እንደገና፣ እንደገና።

«እሱስ ሳያውቅ ሄደ?»

«ካሚዮኑ ላይ ሆኖ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«አለ አልኩት።»

እናትየው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«እንኳን አልሽው» አሉ።

ከዚያም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ ሹራቡን ሰብስበው፣ አጎዛው ላይ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።